ያላለችው

ደብረ ብርሃን፣ ከብርድ ልብስ ፋብሪካው ጀርባ፣
በማዳበሪያ መጋረጃ ጎንበስ ተብሎ የሚገባ፣
የክንፈ ቪዲዮ ቤት፤
መግቢያው አንድ ብር፣ ለወፍራም ሰው ሁለት፤
አግዳሚው ጠባብ ነው፣ ጋቢው ብዙ ነው፣
ቴሌቪዥኑን ሁልጊዜ ጉንፋን የያዘው።

እኔ ወንድይፍራው፣ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ፣
ከስክሪኑ ሥር ቆሜ፣ ቀርከሃ በእጅ፣
ሂንዲ አስተረጉማለሁ።
ሂንዲ አላውቅም፤ ይህን ክንፈም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።
ከንፈር አይቼ ነው፣ የእንባ ዓይነት ለይቼ፣
አንዱን ካጎቴ ጠብ፣ አንዱን ከሰፈር ሙግት አምጥቼ፣
የቦምቤይን ሀብታም በመንዝ አፍ አናግራለሁ፣
«ከማን አንሼ!» አስብዬ አስፎክራለሁ።

አንድ ቅዳሜ ማታ፣
ልጁ ከእስር ተፈትቶ የእናቱን ደጅ ሲመታ፣
ነጭ የለበሰች እናት፣ ሳትከፍት፣ ከውስጥ ተጠግታ
ረጅም ቃል ተናገረች፣ ግንባሯን ለሳንቃው ሰጥታ።
ቪዲዮ ቤቱ ዝም አለ፣ ዓይኑ ሁሉ እኔ ላይ፤
እናቴን አየኋት ያኔ፣ ሳሪ ለብሳ፣ ቲቪ ላይ።
ሰራዊቱ ሲበተን፣ በሰባተኛው ዓመት፣
አባቴ በእግሩ መጥቶ ደጃችንን ያንኳኳ ለት
ከአፏ የወጣውን ለሕንዷ ሰጠኋት፦
«በሩን እኔ አልዘጋሁም፤
ብርዱ ነው የዘጋው።»

ከኋላ የፋብሪካው ዘበኛ፣ ቅጣው፣ ተነሣ፦
«እሷ እንዲህ አላለችም።»
«ሂንዲ ታውቃለህ?» አለው ክንፈ።
«አላውቅም። ግን ይሄ ብርድ የኛ ነው» አለና
ጋቢውን እስከ ዓይኑ ስቦ ተቀመጠ።

አዲስ አበባ ገባሁ፤ አሥራ አንድ ዓመት ጻፍኩ፣
ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ በጭቃ ቤት፣ ባጀት ሻማ አጠገብ ኖርኩ።
«ጉም ውድ ነው» አለኝ ፕሮዲውሰሩ፤
«ጣርማበር ድረስ መኪና፣ አበል፣ ጄኔሬተሩ!
ሲኤምሲ ቪላ አለኝ፤ ታሪኩን እዚያ አስፍረው።»
ወታደሩን ሹፌር አደረግሁት፣ ቀጥሎም ባለ ሀብት ነው፤
ሳንቃው የብረት በር ሆነ።
«የሚያስቅ ዘበኛ ጨምር፤ መጨረሻው ሠርግ ይሁን፤
ያቺ የበሯን ነገር እንኳ… እሺ፣ እሷ ትሁንልህ፣ ትሁን።»
ቅጣውን አዋርጄ አስገባሁት። ይቅር በለኝ።
ወንድ ይፍራው ብላ ነበር እናቴ ስም ስታወጣ፣
ፖስተሩ ላይ «ወንድይራድ» ሆኜ ወጣሁ፤ ማን ሊቆጣ?
ቼኩም ሦስቴ ተመለሰ።

ትናንት፣ ለእኅቴ ልጅ ሠርግ፣ ደብረ ሲና ስወርድ፣
(መጨረሻው ሠርግ ሆነ፣ ሳልወድ በግድ)
ጉዶ በረትን ስናልፍ ረዳቱ ፊልም ከፈተ።
የኔ ነው። ልቤ ከወንበሩ ሥር ገብቶ ተከተተ።
አጠገቤ፣ የግድግዳ ሰዓት በአንሶላ የጠቀለለች ሴት፣
ዘበኛው ሲያዳልጠው ሳቀች፤ የቪላው መጋረጃ ገረማት፤
ያቺ ቦታ ስትደርስ ግን ሰዓቷን ጥብቅ አድርጋ ያዘች።
ተዋናይቷ ግንባሯን ለብረቱ በር ሰጠች፦
«በሩን እኔ አልዘጋሁም፤ ብርዱ ነው… ነው… ነው… ነው…»
ሲዲው ተያዘ፤ አውቶቡሱንም የጣርማበር ዋሻ ዋጠው።

ጨለማ። ከፊት አንድ የሴት ፊት፣ አፉን እንደከፈተ።
«ኧረ በመድኃኔዓለም! ገባ አልገባም?» አንድ ሽማግሌ ሞገተ።
ረዳቱ ማጫወቻውን በመዳፉ ይጠፈጥፋል፤
እኔ ቆሜያለሁ። እጄ ቀርከሃ ይፈልጋል።

«ብርዱ ነው የዘጋው አለች፤ እሱም በትከሻው ገፋው፤
መቀርቀሪያ አልነበረውም። ሰባት ዓመት ሙሉ ክፍት ነው።
ማንም ማንንም አልጠየቀ። የባናውን አንድ ጫፍ ገልጣ
‹እግርህን› አለችው ብቻ፣ ሌላ ቃል ከአፏ ሳይወጣ።
ልጃቸው እንደተኛ ሆኖ በአንድ ዓይኑ ያይ ነበር።
በቃ። ሠርግ የለም፤ እስኪነጋ ጉም ብቻ፣ እስከ አጥር።»

ከዋሻው ስንወጣ እውነተኛው ጉም መስኮቱን ላሰ።
«አይተኸው ነበር?» አለች ሴትዮዋ።
«አዎ፣ በልጅነቴ፤ ከባናው ሥር ሆኜ።»
ረዳቱ ግን ከፊት ዞሮ፦ «እሷ እንዲህ አላለችም፤ መቶ ጊዜ አይቼዋለሁ፤
መጨረሻው ሠርግ ነው።» ዝም አልኩ፤ እኔም አውቃለሁ።

ደብረ ሲና ቆምን። ቆሎ ሻጮች መስኮቱን ከበቡ።
ሴትዮዋ ገዝታ፣ «እንካ፣ ደክሞሃል» ብላ
አንድ እፍኝ መዳፌ ላይ ዘረገፈች፤ ገብሱ ገና ትኩስ ነው።
እሱ አልተመለሰም።