የኮርሳዬ ዓይን ሞራ

ከሌሊቱ ዘጠኝ፣ ኅዳር አጋማሽ ላይ፣
መንገዱ አይለይ፣ ጫካው አይታይ፤
ጎስላር ያለው ሊጥ፣ ኩፍ ብሎ ሳይገነፍል
ልደርስ እነዳለሁ፣ ከተራራው ቁልቁል።

ሃያ ዓመት ያለፋት ኮርሳዬ አሮጊቷ፣
እንደ ሻይ እጣቢ ወይቦ መብራቷ፣
መንገዱን ትዳስሳለች፣ እንደ ጓዳ ቤቷ።

አንድ ሌሊት ሚዳቋ፣ ከጥዱ ሥር ወጥታ፣
ቆመች መሐል መንገድ፣ እኔን ተመልክታ፤
ፍሬኑን ረግጬ፣ ቆምሁ ሲቀረኝ ክንድ፣
ልቤ ቀድሞኝ ወርዶ፣ ሮጠ በመንገድ።

ለምሕረተአብ ነገርሁት፤ እሱ መላ አያጣ፣
በማግስቱ ማታ፣ ካርቶን ይዞ መጣ።
«ኤልኢዲ ነው ወንድሜ፤ ጨለማን ይገፋል፤
በአርባ ዩሮ ነፍስህ፣ ከሚዳቋ ይተርፋል።»

ከካርቶኑ ጀርባ፣ በትንኝ ፊደል፣
«ለመንገድ አይፈቀድም» የሚል ነበር መሰል፤
ማን ያነባል እሱን? ክንዴን አጣምሜ፣
ጣቴን እየፋቀኝ፣ ሰካሁት ደክሜ።

ያን ሌሊት ምን ልበል! ጥዱ በየተራ
ሠርገኛ ይመስል፣ ነጭ ለብሶ በራ፤
ከማዶ የሚመጣው፣ ሁሉ ብልጭ ሲያደርግ
ሰላምታ መስሎኝ፣ እጅ ነሣሁ በወግ።

ድልድዩን እንዳለፍሁ፣ አንዲት ሴት ጠና ያለች፣
የጋዜጣ ክምር፣ በብስክሌት ጭና መጣች፤
ክንዷን ፊቷ ላይ፣ እንደ ጋሻ ጋርዳ፣
ፍሬን ሳትይዝ ገባች፣ ከቦዩ ውስጥ ወርዳ።
በመስተዋት አየኋት፤ አንድ እግሯ ውሃ ውስጥ፣
ወረቀት ስትለቅም፣ ከጭቃ፣ ከማጥ።

አልቆምሁም። ሊጥ አለ። ሰዓት አለ። አልሁኝ።
እስከ ዛሬ ድረስ፣ ያ «አልሁኝ» ነው የበላኝ።

በታኅሣሥ መባቻ፣ ምርመራው ደረሰ፤
ባለ ቱታው ዲትማር፣ መነጽሩን አበሰ፤
ከመብራቱ ፊት፣ ሰሌዳ ደቅኖ፣
«እይ» አለኝ ሳይቆጣ፣ እንደ መምህር ሆኖ።
«እዚህ መስመር ነበር፤ ከግራ ዝቅ ያለ፣
ለሚመጣው ሰው ዓይን፣ ጥላ የከለለ፤
ወደ ቀኝ ሲሄድ ነው፣ ቀና የሚል ጥቂት፣
ለእግረኛው፣ ለዳሩ፣ ለመንገድ ምልክት።
ያንተ ግን ተመልከት፤ የፈሰሰ ወተት፤
መስመር የት?
ጥላ የት?

የውስጡ መስተዋት፣ ለሽቦ ነው የተለካ፤
ይህ እንግዳ ገብቶ፣ ሁሉን አነካካ።
የተፈቀደም አለ፣ በዝርዝር የሰፈረ፣
ለአንዳንዱ መኪና፤ ላንተ ኮርሳ ግን ቀረ።
ማኅተም አልሰጥህም። ሰው ብትገጭ በዚህ
ኢንሹራንሱ ራሱ፣ ዞሮ ነው የሚከስህ።»

ከዚያ በአውራ ጣቱ፣ መስታወቷን ፈተገ፤
ጥፍሩ ሥር እንደ ሰም፣ ቢጫ ነገር ሸሸገ።
«ብርሃኗስ አልጠፋም፤ ፀሐይ ነው የጎዳት፤
ዓይኗ ላይ ሞራ ነው፤ ሂድና ግፈፍላት።»

ቅዳሜን በሙሉ፣ ጉልበቴን አጥፌ፣
በብርጭቆ ወረቀት፣ ሞራዋን ገፍፌ፣
ሻካራው ሲበቃው፣ ለስላሳው ተተካ፤
የሚወርደው ውሃ፣ ሰናፍጭ ነው ለካ!
የጎረቤቴ ልጅ፣ አንገቱን አሻግሮ፣
«ታማለች?» አለኝ ሄኒንግ፣ ልቡ ተሸብሮ።
የድሮዋን አምፖል፣ ከመሳቢያ አውጥቼ፣
ወደ ቤቷ መለስኋት፣ በንጹሕ ጨርቅ አሽቼ።
(አርባ ዩሮዬን ግን፣ ምሕረተአብ እስካሁን
«ነገ» እያለ አለ።)

ሰኞ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ፤ ጉሙ እንደ ወትሮው፤
ድልድዩን ሳልፍ መጣች፤ ያ ብስክሌት፣ ያው ነው።
ብርሃኔ ሞቃት ነው፤ ማር ማር ይላል ቀለሙ፤
ከጉልበቷ በላይ፣ አልዘለቀም አቅሙ።
ፍጥነቴን ቀንሼ፣ ዳር ይዤ ጠበቅኋት፤
ስሟንም አላውቅም፤ ይቅርታም አላልኋት።
ወደ እኔ ሳትዞር፣ ባጠገቤ አለፈች፤
ዓይኗ መንገዱ ላይ፣
ክንዷን አላነሣች።