ኩል ለግድግዳ

በግልዳኒ ሰፈር፣ ከትብሊሲ ዳር ላይ፣
ዘጠኝ ፎቅ ኮንክሪት፣ አመድ መስሎ የሚታይ፤
ኑጻ በገመዷ ተንጠልጥላ ከላይ
ቀለሟን በጠበጠች።

ኦታር አንገቱን አሰገገ፣ በዚያች ጠባብ መስኮት፣
መብራት በጠፋበት፣ በዚያ ክፉ ዓመት፣
ፈቃድ ሳይጠይቅ በመዶሻ ባወጣት።
«ሊፍቱ ከቆመ ይኸው ስንት ዘመን?» አለ፤
«ደረጃው ጉልበቴን ጨርሶት እያለ
ለግድግዳ ኩል!»

ኑጻ አልመለሰችም፤ መስኮቷን ለካቻት፣
ዙሪያዋን አጥቁራ፣ እውነትም ኳለቻት።

በሦስተኛው ሳምንት ገመዱ ሲፈታ፣
አንድ ወፍ ቆሞ አየን፣ እስከ ጣራው ከፍታ፤
ጉሮሮው ብርቱካን፣ ክንፉ የዝገት ቀለም፣
ከቧንቧው የፈሰሰው እድፍ እንኳ ጭራ ሆነ እንጂ አልጠፋም፤
ዓይኑ ግን
የኦታር መስኮት ነው።

ሽማግሌው አምፖል ሲያበራ ወፉ ይነቃል፤
መጋረጃ ሲጋርድ ወፉ ያንቀላፋል፤
እኔም ከፊት ለፊት፣ ሳህን እያጠብኩኝ፣
«ደህና እደር» እላለሁ፣ ለማን እንደሆነ ሳይገባኝ።

የካቲት ላይ አንድ ማታ ዓይኑ ሳይበራ ቀረ።
ሾርባው ሳህን ላይ በረደ፤ ሰው በረንዳ ላይ ተደረደረ።
ልጆች ስምንት ፎቅ በእግራቸው ሮጡ፣
በሩን ደበደቡት፣ እያለከለኩ፣ እየደነገጡ፦
«ወፉ ምን ሆነ?»

ኦታር በካልሲው ብቅ አለ፣ የተቃጠለ አምፖል ይዞ፤
ዝም ብሎ አያቸው፣ በሩ ላይ ፈዝዞ።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት በሩን ሲከፍት
አዲስ አምፖል ያገኛል፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ፣
ማን እንዳኖረው የማይታወቅ።
ሊፍቱን ይረግማል፤
ደግሞም ጎንበስ ብሎ
ያቅፈዋል፣ እንደ እንቁላል።