ጠብ ያለሽ በዳቦ

ኤድመንተን። ጥር ነው። ችሎቱ ሞቋል፤
የጫማዬ በረዶ ምንጣፉን አርሷል።
ነገሩ ስለ ሽቦ፣ ስለ አንዲት ሶኬት፣
የመኪና ሞተር በውርጭ እንዳይሞት
ሌሊት የሚሰኩባት፤ ሁለት ጎረቤት
ማን ነቅሎ ማን ሰካ፣ ማን ገፋ በየት።

ወይዘሮ ትርንጎ ምስክር ቆመች፤
ጓንቷን ጣት በጣት ቀስ ብላ አወለቀች፤
ድልነሳውን ሳታይ እንዲህ ስትል ጀመረች፦
«እሱን ማን ያጣዋል? ሕንጻው ሁሉ ያውቀዋል፤
ጠብ ያለሽ በዳቦ ነው። ከዚህ ሌላ ምን ይባላል?»

ዳኛዋ ወደ እኔ። ጸሐፊዋም ወደ እኔ።
በሰዓት ተከፋይ አስተርጓሚ ነኝ፤
ትኩስ ድንች እንደ ጎረሰ ሰው ፈጠጠ ዐይኔ።

ጠበኛ ብል ያልቃል። ነገረኛ ብልም።
ግን ዳቦው ይቀራል፤ ሴትዮዋም አትገኝም፣
ያቺ «ያለሽ» የተባለች፣ በሯን ገርበብ አድርጋ
ለመንገደኛ ጠብ የምታወጣ ከጓዳ ፈልጋ።

ከየት እንደ መጣ፣ እንጃ፣ የነገረኝ የለም።
የልዋጭ ነጋዴ ድምፅ ግን ከጆሮዬ አይጠፋም፦
ጠርሙስ ያለሽ! ቆርቆሮ ያለሽ! በሳህን! በኩባያ!
እና አንድ ሰው ይሆናል፣ ሰፈሩ ሰላም የሆነበት፣
ዝምታው እንደ ቁንጫ ሌሊቱን የበላበት፣
ገና ትኩሱን ዳቦ በጆንያ አዝሎ ወጣ፦
ጠብ ያለሽ! በዳቦ!
አሮጌም ይሁን፣ የዛገም፣ ብቻ ከቤትሽ ይውጣ!

አንዷ የአጥር ጠብ ሰጠችው፣ አንዷ የዶሮ፣
አንዷ ከአማቷ የወረሰችውን፣ በጨርቅ ተቋጥሮ።
ማታ ቤቱ ገባ። ጆንያው ሞልቷል።
ሆዱ ግን...
እስቲ ይህን ሁሉ ለዳኛ እንዴት ይሏል?

በአንዲት ቃል አለፍኩት። ጸሐፊዋ መታችው፤
ዳቦውን ከመዝገብ ውጭ ምላሴ ተወችው።

በእረፍት ሰዓት፣ ከለስላሳው ማሽን አጠገብ
ድልነሳው መጣ። (ማውራት ደንቡ አይፈቅድም።)
ከላስቲክ ያወጣውን ዳቦ ለሁለት ገመሰና
«እንካ» አለኝ። ከጠዋት አልቀመስኩም ነበርና
ተቀበልኩ።

«ትርንጎ ያለችውን ምን ብለህ ነገርካት?»
«ጠበኛ።»
«ዳቦውንስ?»
«ተውኩት።»

«እንዴት ትተወዋለህ!» ጮኸ፤ ዘበኛው ዞረ፤
«እኔን በዱቤ የሚጣላ ሰው አስመሰልከኝ!»

መልስ ነበረኝ።
አፌ ግን ዳቦ ሞልቶት ነበረ።