ገጽ አርባ ሦስት

ከብሎክ ሁለት መቶ ጀርባ፣ ኮዬ ፈጬ ዳርቻ ላይ፣
ኮንቴይነር ናት ጌም ቤቴ፣ የምትንጣጣ በቀትር ፀሐይ፤
ሦስት ስክሪን፣ አራት ጆይስቲክ፣ አንዱ ቁልፉ የላላ፣
ለዱቤኛ አንድ ደብተር፣ ጥጉ በአይጥ የተበላ።

ኢዮስያስ ቅዳሜ ይመጣል፣ ሃያ ብሩን በመዳፉ ቋጥሮ።
ሌላው ልጅ ሰይፉን ይመዛል፣ ጭራቅ ይጥላል ተወራውሮ፤
እሱ ግን ጦርነቱን ትቶ፣ የፈረሰው ግንብ ላይ ወጥቶ፣
አቧራ ከለበሰ መደርደሪያ መጽሐፍ ያወጣል ጎትቶ፦
«ከዚህ ዓለም የጠፉ ፍጥረታት መዝገብ»።
ይቀመጣል። ያነባል። አይሮጥ፣ አይዋጋ፣ አይራብ።

«ምታው እንጂ! ሰዓትህ አለቀ!» ይጮኹበታል ከኋላ።
«ጋሼ፣ ይሄ ቃል ምንድን ነው? ይሄስ? ከሱ ቀጥሎ ያለው ሌላ?»
ከአሥረኛ ክፍል በተረፈችኝ እንግሊዝኛ
እተረጉምለታለሁ፣ ግማሽ ቀጣፊ፣ ግማሽ ሐቀኛ።

ገጽ ዘጠኝ፦ ቀንዱ መስታወት የሆነ በሬ፤ በረዶ የዘነበ ቀን አለቀ።
ገጽ ሃያ፦ የጨረቃ ጥላ የሚጠጣ ዓሣ፤ ኩሬው ሲሸጥ ደረቀ።
ገጽ አርባ ሦስት፦ ሥዕል የለም። አንድ ዓረፍተ ነገር፦
«ወፍ ነበረ። ስሙን የሚያውቀው ሰው ሞቷል ሳይናገር»።

እዚህ ላይ ስንደርስ ድርግም። መብራት ሄደ።
ሌሎቹ ተራግመው ወጡ፤ እሱ ወንበሩን ወደ በሩ ወሰደ።

በሩ ላይ የብሎኩ ዘበኛ፣ ኦቦ ድንቃ፣ ተቀምጠዋል፤
ዛሬ የሚጠብቁትን መሬት ድሮ ሽምብራ ዘርተውበታል።
«አባባ፣ እዚህ ምን ነበር?»
ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ቆዩ።
«ጭቃ። ውሃ ያቆረ ሜዳ። ሌሊት ሌሊት ጃርት።
ደግሞ አንዲት ወፍ፣ ባለ ረጅም እግር፣
ዝናብ ሊጥል ሲል የምትመጣ፣
ከሽምብራው በላይ አንገቷ ብቻ የሚታይ።»
«ስሟስ?»
«ስሟ…
አባቴ ነበር የሚጠራት። ጠፋኝ።»

ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ከንፈራቸውን አሹለው፣
ድምፅዋን አወጡት። አንድ ጊዜ።
ሦስተኛ ፎቅ ላይ መስኮት ተከፈተ።
ውሻው ጩኸቱን አቋረጠ።

መብራት መጣ። ጨዋታው ሴቭ አልተደረገም፣
ኢዮስያስ እንደገና ከከተማው በር ውጭ ቆሟል፣ ባዶ እጁን።
«አሥራ ሁለት ደቂቃ ይቀርሃል» አልኩት።
አልሰማኝም። ከሽማግሌው እግር ሥር ያፏጫል፣ ይሳሳታል።
«ከከንፈር አይደለም» ይሉታል፣ «ከዚህ፣ ከጉሮሮ።»

ሰኞ ሒሳብ ስሠራ፣ በዱቤ ደብተሬ ላይ፣
ከገመዳ አርባ ብርና ከሲፈን አሥር ብር መሃል፣
በእርሳስ፣ በተንጋደደ ፊደል፦
«ገጽ 43። ወፍ። ስም የለም። ድምፅ አለ፤ ኦቦ ድንቃ ጋ።»

ከሥሩ ጨመርኩበት፦
ኢዮስያስ፣ አሥራ ሁለት ደቂቃ ቀሪ።