ጥገኛ

ከአዌቱ ድልድይ ማዶ በርጩማ እጠርባለሁ፤
ከአንድ የዋንዛ ግንድ ሦስት እግር አወጣለሁ።
ምስማር አልመታበት፣ ኮላም አልቀባው፤
ልኩ ነው የሚያቆመው፣ ሌላው ምን ሊረባው።
ስለ ልክ ከሆነ ጠይቁኝ፣ አውቃለሁ፤
በስንዝር፣ በክንድ፣ በጣት ለክቻለሁ።
ሰው በደመወዝ እንደሚለካማ
ዘንድሮ ነው የሰማሁ፣ እዚሁ ጅማ።

ዘቢባ በርገን ናት፤ ዓሣ ፋብሪካ ውስጥ
ሌሊት ትበልታለች ጣቷ እስኪያብጥ።
አራት ዓመት ሆናት። በዓይኔ ያየኋት
አንድ ክረምት ብቻ፣ አሥራ ሰባት ሌት።
«ባሌን ላምጣ» ብላ መስኮት ፊት ስትቆም
የቢሮዋ ልጅ (ክፉም አይደለች፤ ዘቢባ ሰው አታማም)
«ትወጂዋለሽ ወይ?» ብላ አልጠየቀቻት።
«ስንት ታገኛለሽ? አምናስ? ለከርሞስ?» አለቻት።
የከርሞን ማን ያውቃል? ማስረጃ ግን አዘዘቻት።

መስመር አለ አሉ።
መንገድ ላይ አልተቀባም፣ በካርታም የለም፤
ከሱ በታች የምታገኝ ሚስት
ባሏን ወደሷ አትጠራም።
የጎደላትን በነሱ ገንዘብ ነገረችኝ፤
በኛ ብር መታሁት፣ ደግሜ መታሁት፤
አንድ የእርሻ በሬ ሆኖ አገኘሁት።
በኔና በሚስቴ መካከል
አንድ በሬ ተኝቷል።

ቅጹን ያነበበልኝ የአጂፑ ኮምፒውተር ቤት ልጅ
ጣቱን ስክሪኑ ላይ አቁሞ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣
«ጋሽ ረሻድ፣ እርስዎ እዚህ ጋ ነዎት» አለኝ፣
«ጥገኛ የሚለው ላይ።»

ጥገኛ!
በለጤ ጫካ ግቡና ጥገኛን እዩት፤
ዛፍ ትከሻ ላይ በቅሎ፣ መሬት ሳይነካ፣
ጉም እየጠጣ የሚያብበው ነው።
ዛፉን ግን ማንም መጥቶ አልጠየቀው፣
ይህን ለማዘል ስንት ቅጠል አለው?

አባቷ አባ ዱራም ጠይቆኝ ነበር፣ አልዋሽም፤
«ምን አለህ?» ነው ያለኝ፤ ሽማግሌ አላስጨረሰም።
እጆቼን ዘረጋሁ። አገላብጦ አየ፤
መጁን በአውራ ጣቱ ጫን ብሎ ለየ፤
«ይበቃል» አለ።
ያ ቃል ማኅተም አልነበረውም፤
አሥራ አንድ ዓመት ግን አልደበዘዘም።

በሬውን እኔ ልሙላው ብዬ ተነሣሁ።
ያደረቅሁትን ዋንዛ፣ የአባቴን ትልቁን መጥረቢያ፣
ስልሳ በርጩማ ለአንድ የአዲስ አበባ ሆቴል
በወረደ ዋጋ ሰጠሁ፤
ገንዘቡን በሰው በሰው አሻግሬ ላክሁ።
ሳቀች። ከዚያ ዝም አለች። ከዚያ፦
«ረሻድዬ፣ አይቆጠርም።
ከባል የመጣ ገቢ አይባልም፤ የኔ ላብ ብቻ ነው።
እልክልሃለሁ፤ መጥረቢያውን መልሰህ ግዛበት።»

ሁለተኛ ሥራ ያዘች፤
ቀን ቀን የማታውቃቸውን አረጋውያን ታጥባለች።
በፊት ከዒሻ በኋላ አንድ ሰዓት እናወራ ነበር፣
ስለ ጎረቤት፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ከንቱ ነገር።
ከዚያ ሐሙስ ሐሙስ ብቻ ሆነ።
ከዚያ የሃያ ሰከንድ ድምፅ፦
«ደህና ነኝ፣ ልተኛ ነው፣ ሦስት ቀረኝ።»
ሦስት ምን? ሦስት ወር? ሦስት ሺህ?
አልጠየቅኋትም፤ ተኝታለች።

በግንቦት አንድ ንጋት ደወለች። «ሞላ!» ብላ ጮኸች፤
መሮው ከእጄ ወደቀ።
ከሰዓት በኋላ ደገመች፤ ድምፅዋ ዝግ ብሎ፦
መስመሩን ከፍ አድርገውታል። በየዓመቱ ነው አሉ።

ሃያ ስድስት ዓመት ለክቻለሁ፤
እንጨት ሲያጥርብኝ አይቻለሁ፤
ሜትሩ ራሱ ሲረዝም ግን
ይኸው አየሁ።

«አሁንስ ስንት ጎደለ?» አልኳት።
አሰላች። «ጥጃ» አለች፣ «በሬው ጥጃ ሆኗል።»
ጥጃማ ያድጋል ልላት ነበር። ዋጥኩት።
አብረን ሳቅን፤
ከኋላዋ የፋብሪካው ደወል ጮኸ።

ዛሬ ሐሙስ ነው፣ ገበያው ሞልቷል።
አንድ ነጋዴ ከግድግዳው ጥግ ያለችውን፣
መቀመጫዋ ሰፋ ያለችውን አንሥቶ
ገልብጦ አያት። «ስንት ናት?» አለ።
«እሷ አትሸጥም» አልኩት።
«ባለቤት አላት?»
«አላት። ሥራ ላይ ናት።»