የሚያስፈልግ መሣሪያ

ባሕሩ ሸሽቶ ሄዶ፣ ጭቃው ሲቀር ባዶ፣
የቦሆል አስተማሪ ወረደ ማልዶ፤
ጫማው ተደርድሮ ከጀልባው ማሰሪያ፣
በየእጃችን ይዘን እርሳስ፣ መመዝገቢያ።
እስከ ጉልበት ሰምጠን ሥልጠናው ሲጀመር፣
ሚስተር ባሱብ ወድቆ ግማሹ ጭቃ ነበር።

አሠልጣኙ ጄሮን ገና ሃያ አራቱ፣
ፊደል ያስቆጠረችው ቆማለች ከፊቱ።
መምህርት ኢሉሚናዳ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ከሰሌዳው ሥር ቆማ፣
ከመጽሐፍ ቀድታ፣ ቃል በቃል ደግማ፣
በረዶ አስተማረች፣ በረዶ ሳታይ፤
የፖም ዛፍ ሣለች፣
የኮኮናት ዝንጣፊ ሲያንኳኳ መስኮት ላይ።

«ሠንጠረዡ የት ነው?» ጠየቀች ጄሮንን፣
«የምንሞላው ቦታ? የመልሱ ገጽስ? ስሙን?»
እሱ ዝም ብሎ ቀነጠበ ቅጠል
ከፒያፒው ጫፍ ላይ፤ «እስቲ ይሄ ምን ይላል?»

አንዱ አሸተተው፤ አንዷ በመስታወት
ደም ሥሩን ቆጠረች፤ እኔ ጻፍኩ «እርጥበት»።
እሷ ግን ቅጠሉን ገልበጥ አደረገች፣
ግራ ቀኝ ተመልክታ በምላሷ ላሰች።

ጨው።

እናቷ ዛጎል ለቃሚ ነበረች፣ እዚሁ ጭቃ ላይ።
ጨው ሲያልቅ ከቤቱ፣ ሩዙ ሲሆን አልጫ፣
ልጇን ትልክ ነበር ለቅጠል ማጣፈጫ።
ትምህርት ቤት ስትገባ ይህን አላወራች፤
«የጭቃ ልጅ» እንዳትባል ምላሷን ሰበሰበች።

«ለምን ጨው ኖረበት?» አለ ጄሮን ቀስ ብሎ።
«እኔ እንጃ» አለችው።
ሠላሳ አንድ ዓመት በተማሪ ፊት
ይቺን ቃል ደፍራ አላወጣቻት።
«እንጃ። ግን ይሄ ሥር ባሕር ይጠጣል፤
የማይችለውን ጨው በቅጠሉ ይተፋል፤
እንደ ዓሣ አጥማጅ ሸሚዝ ጀርባው ይነጣል።
ይመስለኛል እንጂ… በዝናብ ማግስት ልየው፣
ታጥቦ እንደሆነ ደግሞ ልቅመሰው።»

ማዕበሉ ተመልሶ ቁርጭምጭሚት ሲነካ፣
የሚስተር ባሱብ ጫማ ተንሳፍፎ ሄዷል ለካ።

ማታ ቅጽ አደሉን። ጥያቄ ቁጥር ሦስት፦
«ከሥልጠናው ያገኙት አዲስ እውቀት?»
እኔ አንድ ገጽ ሞላሁ በትልልቅ ቃላት።
እሷ ከጎኔ ሆና፣ ብዕሯን ነክሳ ቆይታ፣
«ቅጠሉ ጨው ጨው ይላል» ብላ ጻፈች፤
«በስድስት ዓመቴ አውቅ ነበር።»

ጥያቄ ቁጥር አራት፦
«ለክፍልዎ የሚያስፈልግ መሣሪያ?»
«ሠላሳ ስምንት ምላስ።»
ከሥሩ፣ አነስ ባለ ጽሕፈት፦
«አሉኝ።»