ጨው ወላጆች

አባቴ ቱግዷል የባሕር ሣር አጫጅ፣
የማዕበል ባላንጣ፣ የማዕበል ወዳጅ፣
በብሬታኝ ጠረፍ በድንጋይ ቦይ ውስጥ
ሣር ሲያነድ ይውላል፣ ጢሱ ዓይኑን ሲልጥ።
አመዱ ቀዝቅዞ ሲጠጥር እንደ ዓለት፣
በጋሪ ይጭናል ለፋብሪካው ባለቤት።
እጁ ቡኒ ነበር፣ ሳሙና የማያስለቅቀው፤
«አዮዲን ነው» ይላል እናቴ ስትጠይቀው።
ያ ነው የስንቱን ቁስል እያቃጠለ ያዳነ፣
የተራራውን ሰው አንገት ከእንቅርት የከደነ።

እኔ ልጁ አዜኖር አስተማሪ ሆንኩኝ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ጠመኔ ስፈጭ ኖርኩኝ።
ዛሬ የመጨረሻዬ ነው። መስኮት ከፈትኩኝ፣
ሦስት ጠርሙስ ደርድሬ፣ ለአንዱ ቦታ ተውኩኝ።

ባዶው የፍሎሪን ነው፤ የሁሉ ታላቅ፣ ቁጡው፣
ብርጭቆ የሚበላ፣ ማን ችሎ ይቅጣው!
ፈዛዛ ቢጫ ነው ይላሉ ያዩት፤
እኔ አላየሁትም፤ ፈርቼ ነው የተውኩት።

ክሎሪን ቀጠለ፣ አረንጓዴ ቢጫ፣
የዋና ገንዳ ሽታ፣ የሸራ ማንጫ።
አያቴ ያወቀው ግን በፍላንደርስ ጉድባ፣
ነፋስ ጀርባው አዝሎት ዝቅ ብሎ ሲገባ።
ከአየር ስለሚከብድ ጉድጓዱን አቀፈ፤
የተኛው አለቀ፣ የቆመው ተረፈ።
አያቴም ቆሞ ነበር። እስኪሞት ሳለ፤ እየሳለ አረፈ።
ዛሬ ያው ጋዝ በቧንቧ ውኃ ስንቱን ሕፃን አተረፈ!

ብሮሚን ፈሳሽ ነው፣ ቀይ፣ ወደ ጥቁር ያደላ፤
ክዳኑን ሳላላው ልጆቹ አፍንጫ ይዘው ሸሹ ወደ ኋላ።
ጎልቨን ከዳር ወንበር «ስሙ ራሱ ግማት ነው በግሪክ» ሲል፣
ሳላዘው ማንበቡ ደስ አሰኘኝ፤ አፌ ግን አለው «ዝም በል!»

ሁሉም አንድ ረሃብ አላቸው፤ ሰባት ቆመው በደጃቸው፣
ስምንተኛዋ ኤሌክትሮን ናት እንቅልፍ የምትነሣቸው።
ታላቁ ትንሽ ግቢ አለው፤ ቅርብ ነውና ይቀማል፣
ታናሹ ግቢው ሰፊ ነው፣ እጁ ሳይደርስ ይደክማል።
ቁልቁል ስትወርዱ ቀለም ይጠቁራል፣ ክብደት ይጨምራል፤
ጋዙ ፈሳሽ፣ ፈሳሹ ጠጣር ይሆናል፤ ቁጣው ግን ይበርዳል።
ሶዲየም ያችን አንዲት ሲሰጣቸው፣ ያ ሁሉ ጠብ ያልፋል፤
ጨው ይሆናሉ፤
ጨዋ ይሆናሉ፤ በገበታ ላይ ማን ያውቃቸዋል?

ከአባቴ አመድ የተረፈች ጉማጅ በውኃ በጠበጥኩ፣
አጠለልኩት፤ ጠራ። ክሎሪን ጠብ አደረግኩ።
ብርቱ ወንድም ሲመጣ ደካማው ቤቱን ለቀቀ፤
ውኃው ቡኒ ሆነ፤ የአባቴን እጅ መሰለ፣ ልቤ ተሳቀቀ።
እሱም እንዲህ ለቀቀ። ከቺሌ በረሃ በመርከብ
ርካሽ አዮዲን ሲመጣ፣ ፋብሪካው አለው «እንግዲህ ሰብስብ።»
ቦዩን አሸዋ ሞላው። መንሹን ግድግዳ ላይ ሰቀለ፣
ስለ ዋጋው አንድ ቃል፣ አንድ ቀን እንኳ ሳያነሣ ዋለ።

በመጨረሻ ጥቁሩን ቅንጣት ለስለስ ባለ እሳት አሞቅሁ፤
ሳይፈስ፣ ሳይንጠባጠብ፣ ሐምራዊ ጢስ ሲነሣ አየሁ።
ልጆቹ «ውይ!» አሉ።
አባቴም እንዲሁ ነበር፤ ጠጣር፣ እንባ የማያውቅ፣
በአንድ ሌሊት ተነነ፣ ሳይታመም፣ ሳይጨነቅ።
ግን በብልቃጡ ቀዝቃዛ አንገት ጢሱ ተመለሰ፤
የሚያብረቀርቅ ቅንጣት ሆኖ መስተዋቱን ለበሰ።

«ከአዮዲን በታችስ?» አለች ሷዚግ፣ ደብተሯን እየዘጋች።
«አስታቲን» አልኳት፤ ዓይኗን አፈጠጠች።
«ከእሱ ጥቂት ቢገኝ፣ ግማሹ በስምንት ሰዓት ይጠፋል፤
ቀለሙን በዓይኑ ያየ የለም፤ ጥቁር ይሆን? ማን ያውቃል።»

ደወሉ ተደወለ፤ ወጡ። ጣቴን አየሁት፤
ቡኒ ሆኖ ነበር።
ወደ ቧንቧው ሄድኩ፤ ቆምኩ፤ አልታጠብኩም፤ ተውኩት።